ትርፍ ቅጠል

አራት ኪሎ፣ ከታክሲው ተራ ጀርባ፣
አንድ ሰው ከቆመ ሌላው በማይገባ
ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አንድ ማሽን አለኝ፣
ቶነሩን ስቀይር ጥቁር የሚያስለኝ።

የከተማው ትምህርት በእኔ መስታወት ላይ
ለአፍታ ይተኛል፣ ፊቱ ለእኔ ሳይታይ፤
የሐኪሙ አጥንት፣ የጠበቃው አንቀጽ፣
ሁሉም እኩል ዋጋ፦ አራት ብር በገጽ።

ማክሰኞ ከሰዓት አቶ ደግፌ መጡ፣
ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ላብ አጥምቋቸው፤
"ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት" ብለው አንድ ወረቀት ሰጡ።
ወደ ዐሥራ አንድ ለሚያልፉት ነው፤ እስከ ዐርብ ተሞልቶ ይመለሳል።
ሁለት ሣጥን። አንዱ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፤
ሌላው፣ ማኅበራዊ። ከሥራቸው የወላጅ ፊርማ።

መብራት ሳይሄድብኝ ብዬ ተጣደፍኩኝ፤
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት። አንድ ትርፍ ጨመርኩኝ።
ለልጄ ለሄርሜላ፤ ተሳስታ እንድትሞክር፣
ሳትታይ እንድትሰርዝ፣ ከራሷ እንድትመክር።

እኔንማ ማን ጠየቀኝ?
በዘጠና አምስት ውጤት ሲለጠፍ፣ ከሰው ትከሻ መሐል
ግድግዳው ላይ ስሜን በጣቴ ስከተል
"የጽሕፈት ሥራና ቢሮ አስተዳደር" ላይ ቆመ ጣቴ።
አልከፋኝም። ደስም አላለኝ። እንደ ቀበሌ ወረፋ ነበር፤
የደረሰሽን ይዘሽ መሄድ።
ፍጥነቴን ግን አመሰገኑት፦ በደቂቃ ስልሳ ቃል።
የሌላ ሰው ቃል።

ወንድሜ ይርሳው እሑድ ሊጠይቀን መጥቶ፣
ገና ሳንጨባበጥ፣ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ፣
"ምን ያመራምራል? ተፈጥሮ ነው እንጂ!
ሶሻል ገብተሽ ኋላ ዕድሜሽን አትፍጂ።"

ወይዘሮ ዘነቡ በበሩ ብቅ ብለው፦
"የእኔማ ልጅ ሲቪል ኢንጂነር ነው፤ ራይድ ይነዳል፤
ድልድዩን ያውቀዋል፣ በላዩ ይሄዳል።"

ሄርሜላ ዝም አለች።
ሒሳቧ ዘጠና ስምንት፣ ታሪኳ ዘጠና ስምንት፤
ቁጥሩም አልረዳን።

ሐሙስ ሲመሻሽ፣ ሱቁን ልዘጋ ስል፣
የማሽኑን ክዳን ለመጥረግ ስገልጥ
ትርፉ ቅጠል ተኝቷል፣ በግንባሩ ተደፍቶ፤
ጀርባው በእርሳስ ካርታ ዳር እስከ ዳር ተሞልቶ።

ዶሮ ማነቂያ።
የተወለደችበት፣ ካቻምና የፈረሰው።
ደረጃው፦ ዐሥራ ሰባት። ከበራችን እስከ ቧንቧው፦
ሠላሳ አንድ እርምጃ። የአጥሩ ማዘንበል፦ ሰማንያ አራት ዲግሪ።
ከየበሩ ሥር ደግሞ ደቃቅ ጽሑፍ፦
"ጋሽ ሙሉሸዋ፣ ሰዓት ሠሪ። አሁን፦ አራብሳ።"
"እማማ ትርንጎ፣ የዕድሩ ሰሃን እርሳቸው ጋ ነበር። አሁን፦ ገላን ጉራ።"
"ፍሬሕይወትና እናቷ። ሳንሰነባበት። አሁን፦"
እዚያ ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ወግቶታል።

ከታች አንድ መስመር፣ ለማን እንደጻፈችው እንጃ፦
"ቤቱን መለካት በአንዱ፣ ሰዎቹን መፈለግ በሌላው፤
ታዲያ ሰፈሩ በየትኛው ሣጥን ይገባል?"

ገለበጥኩት። ሁለቱም ሣጥን ባዶ፤
በሁለቱም ላይ የላጲስ ጠባሳ።

ምን ልበላት? መልስ የለኝም፤
ዕድሜዬን የሰው መልስ ሳባዛ የኖርኩ ነኝ።
እጄ እንደ ልማዱ ወደ አረንጓዴው ቁልፍ ሄደ፤
መለስኩት።
እስክሪብቶ አውጥቼ "የወላጅ ፊርማ" ከሚለው ላይ ፈረምኩ፣
ምርጫው ሳይመረጥ። ደንቡ ይፈቅድ እንደሁ አልጠየቅኩም።
አቶ ደግፌ እንደሆኑ ትርፉን ከዋናው አይለዩትም፤
ሁሉም የዚህ ማሽን ልጅ ነው።
ወደ ቦታው መለስኩት፣ ክዳኑን ሳልከድን።

ውጭ ረዳቱ ይጣራል፦ "ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረው!"
ሄርሜላ ደፉ ላይ ቆማ እርሳሷን ትቀርጻለች፤
ልጣጩ ጫማዋ ላይ ይረግፋል።
እኔ ያላየሁ መስዬ
ዝርዝር ብር እቆጥራለሁ።